የማታ ሒሳብ



ሱቅ ከፍቶ የዋለ ሰው ማታ ሒሳቡን ሳይዘጋ አያድርም። ከዐስር ሶላት በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ የተዘረጋው ጣቃ እየተጠቀለለ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፤ በሩ ገርበብ ይልና ደብተሩ ይወጣል። በእጅ በእጅ የተሸጠው፣ በዱቤ የወጣው፣ ለተሸካሚና ለሻይ የተከፈለው ሁሉ ተደምሮ ከመሳቢያው ገንዘብ ጋር ይመሳከራል። ሃምሳ ብር ከጎደለ ልጁ ይጠየቃል፣ ኪስ ይፈተሻል፣ ድምሩ እንደገና ይሠራል። እኔም መርካቶ ሸማ ተራ ውስጥ መጀመሪያ ከአባቴ ጋር፣ ከእሳቸው በኋላም ለብቻዬ ከሃያ ዓመት በላይ ይህንኑ ስሠራ ኖሬያለሁ። ጎድሎብኝ ያደርኩበት ማታ ጥቂት ነው።

በ2010 ዓ.ም. በረመዳን ወር (1439 ዓመተ ሒጅራ መሆኑ ነው) አንድ ማታ ከተራዊሕ በኋላ የመስጊዳችን ኢማም ስለ ሙሐሰባ፣ ማለትም ሰው ነፍሱን ስለ መተሳሰቡ አጭር ትምህርት ሰጡ። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚ-ድ-ዲን» የተባለውን ታላቅ ኪታባቸውን በአርባ ክፍል እንዳዘጋጁትና ሠላሳ ስምንተኛው ክፍል ስለዚሁ ጉዳይ ብቻ እንደሚናገር ነገሩን። አል-ገዛሊ ነገሩን የሚያስረዱት በንግድ ምሳሌ ነው። አእምሮ ባለ ገንዘቡ ነጋዴ ነው፤ ነፍስ ደግሞ ገንዘቡን ይዞ ገበያ የሚወጣው ሸሪኩ ነው። ነጋዴ ሸሪኩን ጠዋት ውል ያስገባዋል፣ ቀን ዓይኑን አይነቅልበትም፣ ማታ ይተሳሰበዋል፣ ካጎደለም ይቀጣዋል። ትርፉ የዘላለም ሕይወት ሆኖ ሳለ ሰው ከነፍሱ ጋር ይህን ያህል እንኳ አለመተሳሰቡ ያስደንቃል። ኢማሙ ይህን ብለው ወደኛ ወደ ነጋዴዎቹ ዞር አሉና «ሁላችሁም ደብተር አላችሁ፤ የሌሎች ሰዎች ዕዳ የተጻፈበት ነው» ብለው ፈገግ አሉ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤቴ ስደርስ ለልጆቼ ትምህርት ከተገዛው ውስጥ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አውጥቼ ራስጌዬ አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዛሬ ሳያቸው ያሳፍሩኛል። «አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ዋልኩ። ሶላቴን በወቅቱ ሰገድኩ። ገበያው መካከለኛ ነበር።» በማግስቱም ያው፤ በሦስተኛውም ቀን ያው። ደብተሩን የሚያይ ሰው ቢኖር በአምስት ቀን ውስጥ ምንም ያልደረሰበት፣ ማንንም ያላስቀየመ፣ ምንም ያልተመኘ ሰው ነው የሚያገኘው። እንዲህ ያለ ሰው እኔ አላውቅም።

ይህ አላዋጣ ሲለኝ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። አምስቱ ሶላቶች በጀመዓ፣ የቁርኣን ጁዝእ፣ ተራዊሕ፣ ሰደቃ፣ ምላስን መጠበቅ፤ በየረድፉ ምልክት ማድረግ ነው። ረመዳን ስለሆነ ሠንጠረዡ ቶሎ ቶሎ ሞላ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ማታ ማታ ገጹን ዘርግቼ እንደ ሞላ መደርደሪያ ማየት ጀመርኩ። ከሦስተኛው ሂጅሪ ክፍለ ዘመን ዑለማእ አንዱ የሆኑት አል-ሐሪስ አል-ሙሐሲቢ፣ በ243 ዓመተ ሒጅራ ባግዳድ የሞቱት፣ ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ነፍሳቸውን አጥብቀው በመተሳሰባቸው ነው። «አር-ሪዓያ» የተባለው ኪታባቸው ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ለሪያእ፣ ለዑጅብና ለኩራት ነው። ሰው ሳያይህ ሪያእ የለም ትል ይሆናል፤ ግን ዑጅብ ተመልካች አያስፈልገውም፤ አንድ ደብተርና አንድ አምፖል ይበቃዋል። የእኔ ሠንጠረዥ የሠራሁትን ይቆጥር ነበር እንጂ ማን እንደሆንኩ አልነገረኝም። ሠንጠረዥ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ወንድሞች ተጠቅመውበታል። ለኔ ግን መስታወት ሳይሆን ሥዕል ሆነብኝ።

የዒድ አል-ፊጥር ሳምንት ረድፎቹ ባዶ ሆኑ። ባዶ ረድፍ ማየት ስላልፈለግኩ ደብተሩን ዘጋሁት። አሥራ አንድ ቀን ሳልጽፍ ቆየሁ።

ወደ ደብተሩ የመለሰኝ ጽናት አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ፊት ሱቄ ውስጥ የሚሠራውን ልጅ ሰደብኩት። አንድ ሜትር ጨርቅ ጎድሎ ተገኝቶ ነበር። «እጅህ ካልሆነ ዓይንህ ሌባ ነው» አልኩት። ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ መቀሱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ማታ ሒሳብ ስዘጋ ጠዋት ራሴ ለአንዲት ሴት በብድግ አድርጌ የቆረጥኩት አንድ ሜትር ትዝ አለኝ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለ። ለባለቤቴ እንዳልነግራት ልጁን እንደ ልጇ ነው የምታየው። ደብተሩን አነሳሁና የተናገርኩትን ቃል በቃል፣ የቆምኩበትን ቦታ፣ የደንበኛዋን ዓይን፣ መቀሱን ሁሉ ጻፍኩት። ገጽ ተኩል ሆነ። በማግስቱ ልጁን ወደ ጓዳ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ማታም ይህንኑ መጻፍ ጀመርኩ። «ወደ ጓዳ ጠርቼ» የሚለው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። በሰው ፊት ሰድቤው በስውር ይቅርታ መጠየቄን ያወቅኩት እየጻፍኩት ነው። ሳስበው ውዬ አልታየኝም ነበር።

መጻፍ የሚሠራው እንዲህ መሰለኝ። ሐሳብ በራስ ውስጥ ሲዞር ሁልጊዜ ከኛ ጎን ነው የሚቆመው፤ ነገሩን ከወደድነው ጀምሮ ወደድነው ላይ ይጨርሳል። ዓረፍተ ነገር ግን ባለቤት ይፈልጋል፣ ግሥ ይፈልጋል። «ተበሳጨሁ» ብለህ ስትጽፍ በማን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ብለህ የሚል ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቀን በኋላ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል ሳልጽፍ ስሜቴን አልጽፍም። ከዒሻእ በኋላ፣ ከዊትር በፊት፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ደክሞኝ የመጣሁ ዕለት ሁለት መስመር ጽፌ አድራለሁ። አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ የሚወደደው ጥቂትም ቢሆን ዘውታሪው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስላስተማሩን፣ በሁለት መስመር አላፈርኩም። በስልክ ለመጻፍም ሞክሬ ነበር፤ ሁለት መስመር ሳልጨርስ የሰው መልእክት ይገባና ራሴን ትቼ የሌላውን ሳነብ አመሻለሁ። ደብተር ማንም አይደውልበትም።

እንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ የፈረንጅ ልማድ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ይህ ካለማወቅ ነው። ባግዳድ ውስጥ በ471 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት የሐንበሊ ዓሊም ኢብን አል-በንናእ በገዛ እጃቸው የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ከፊሉ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ የ460 እና የ461 ዓመተ ሒጅራ ቀናትን የያዘው ክፍል በ1950ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። ማን እንደሞተ፣ ከተማው ውስጥ ምን ጠብ እንደተነሣ፣ ሌሊት ምን ሕልም እንዳዩ ጽፈውበታል። ከእሳቸው አንድ ምዕተ ዓመት በኋላ የኖሩት ኢብን አል-ጀውዚ ደግሞ «ሰይድ አል-ኻጢር» የሚል ኪታብ አላቸው፤ የሐሳብ አደን እንደ ማለት ነው። ሐሳብ ብልጭ ብሎ እንደሚጠፋ አውሬ ስለሆነ በጽሑፍ ማሰር ይገባል ባዮች ናቸው፤ በዚያ ኪታብ ውስጥ ራሳቸውን የወቀሱበት ቦታ ብዙ ነው። ወደ አገራችንም ብንመጣ ብዕር ለኛ እንግዳ አይደለም። እነ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈዋል። የኔ አባት ዓሊም አልነበሩም፤ ወሎ ውስጥ በልጅነታቸው በሉሕ ላይ፣ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለምና በመቃ ብዕር ቁርኣን ቀርተው አዲስ አበባ የገቡ ነጋዴ ናቸው። የአማርኛውን ፊደል ስላልተማሩ የዱቤ ደብተራቸውን የሚይዙት በዐጀም ነበር። ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። «አቡጀዲ፣ ስምንት ሜትር፣ ባለ ጉልቱ» የሚለው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ደብተሮቹ ዛሬም እኔ ዘንድ አሉ።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አስቸገረኝ፤ ኃጢአትን መጻፍ ይፈቀዳል ወይ? አላህ የሸፈነለትን ወንጀል ጠዋት ተነሥቶ የሚያወራ ሰው በሐዲስ ተወቅሷል። ደብተር ደግሞ ይወድቃል፣ ይነበባል፣ ይወረሳል። ኢማሙን ጠይቄያቸው ነበር። በእኔና በአላህ መካከል ያለውን ወንጀል ዝርዝሩን ሳልጽፍ «ኢስቲግፋር» ብዬ እንዳልፈው መከሩኝ፤ ለማስታወስ እሱ ይበቃል። የሰው ሐቅ ከሆነ ግን በግልጽ፣ በስምና በመጠን ጻፍ አሉኝ። ሊናዘዝበት የሚገባ ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ራስጌው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው የተነገረውን የኢብን ዑመርን (ረ.ዐ.) ሐዲስ አስታወሱኝ። በቁርኣን ውስጥም ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኑን ጨመሩልኝ። እኔም «ሐቅ» የሚል ርዕስ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩና ለአንድ ከረጢት ቁልፍ ያልከፈልኩትን ቀሪ 120 ብር አሰፈርኩበት። ሌላ ምንም አልታየኝም።

የዙልሒጃ ወር ገባ፤ ነሐሴ 2010 መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ትልቅ ስለሆኑ ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ላንብበው አልኩ። እስከዚያ ድረስ እጽፍ ነበር እንጂ መልሼ አንብቤ አላውቅም። ስድሳ ሰባት ገጽ ሆኗል። አንዳንዱ አሳቀኝ። ልጁን የምቆጣባቸው ቀናት ብድር የምከፍልባቸው ቀናት ሆነው አገኘኋቸው፤ ይህን አስምሬበት አለፍኩ። ከዚያ አንድ ተራ ነገር ደጋግሞ ዓይኔ ገባ። «በአስፋልቱ ዞሬ መጣሁ።»

ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቴ የሚወስድ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በግንቦቹ መካከል የሚያልፈው አቋራጭ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሌላው አስፋልቱን ተከትሎ የሚዞረው ሲሆን ሦስት እጥፍ ይረዝማል። መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን በአስፋልቱ ዞሬያለሁ ብዬ ጽፌያለሁ፤ በአቋራጩ መጣሁ የሚል አንድም የለም። ከሁሉ የገረመኝ ግን መንገዱ ሳይሆን ምክንያቱ ነው። አንድ ቀን ዳቦ ለመግዛት፤ አንድ ቀን እግሬን ለማፍታታት፤ አንድ ቀን ውሻ ስላለ፤ አንድ ቀን ዚክር እያልኩ ለመሄድ። ማንም ሳይጠይቀኝ ለምን እመልሳለሁ? በሰኔ መጀመሪያ ላይ ደግሞ «ጭቃ ስለነበረ» ብያለሁ፤ በዚያው ገጽ፣ ከሦስት መስመር በላይ፣ ዝናቡ ስለዘገየ ገበሬው ጨርቅ መግዛቱን ትቷል ብዬ አማርሬያለሁ። የኔው ጽሕፈት ነው። በአንድ ገጽ ላይ ዝናብ የለም፣ ጭቃ አለ።

ደብተሩን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግኩ ቁጭ አልኩ። በአቋራጩ መሐል የማን ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ሁልጊዜም አውቅ ነበር።

አባቴ በ2000 ዓ.ም. ከአስመጪ የታዘዘ ጨርቅ ለማንሣት ገንዘብ ሲያጥራቸው ከአንዲት የሰፈራችን እናት 4,000 ብር ተበደሩ። ሴትየዋ ጂዳ ያለች ልጃቸው የምትልክላቸውን የሚያጠራቅሙ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ምስክር አልነበረም፤ ወረቀትም አልነበረም። አባቴ ሌላው ከእሳቸው የወሰደውን እንጂ እሳቸው ከሌላው የወሰዱትን በደብተር አይዙም ነበር፤ ያ በልብ የሚያዝ ነው ይሉ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሲታመሙ፣ ከመሞታቸው አንድ ሳምንት በፊት፣ እኔ ብቻ አጠገባቸው ሳለሁ «የእሷ ገንዘብ እኔ ዘንድ ነው፤ አትርሳ» አሉኝ። አልረሳሁም። ችግሩም አለመርሳቴ ነው።

ጀናዛቸውን ኮልፌ ስንቀብር አጎቴ እንደ ልማዳችን ቆመው «ሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይናገር፣ ወይም ዐፍው ይበል» አሉ። የተናገረ አልነበረም። እኔም በልቤ እንግዲህ ተጠየቀ፣ ማንም አልመጣም አልኩ። መቃብር ላይ የነበርነው ወንዶች ብቻ ነን። እሳቸው ያንን ሰዓት ከሴቶቹ ጋር እናቴን ይዘው እቤት ነበሩ። ይህን ያኔም አውቀው ነበር። ከአርባ ቀን በኋላ ውርሱን ስንከፋፈል፣ ኑዛዜና ዕዳ ከውርስ እንደሚቀድሙ የሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጾች የሚናገሩት ተነበበልን፤ የሚታወቅ ዕዳ አለ ወይ ተባለ። ወንድሞቼ ወደ እኔ አዩ፤ ሱቁን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ነው። «ደብተሩ ላይ የለም» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ ደብተሩ ላይ አልነበረም። በኋላ ከድርሻዬ ለብቻዬ እከፍላለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ሱቁ ተዳከመ። ከዚያ ልጅ ተወለደ። ከዚያ ገንዘቡ እያነሰ መጣና የዘገየሁበት ዓመት ከገንዘቡ በለጠ፤ 4,000 ብር ይዞ መሄድ ቀላል ነው፣ ስድስት ዓመት ይዞ መሄድ ግን ከበደኝ። እግሬ ይህን ከኔ ቀድሞ ተረድቶ በአስፋልቱ መዞር ጀመረ።

በዚያው ሳምንት ለኡዱሒያ የሚሆን በግ ዋጋ ስጠይቅ ሰንብቼ ነበር። ደብተሬ ላይም ተጽፏል። ጥሩ ቀንድ ያለው አማርጬ ነበር።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ኢማሙን ነገርኳቸው። ያልጠበቅኩት ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነው፤ ስንት ነው የምከፍለው? በ2000 ዓ.ም. 4,000 ብር የሚገዛውን ጨርቅ በ2010 ዓ.ም. ግማሹን እንኳ አይገዛም። የገንዘብ አቅም ሲወርድ ዕዳ በቁጥሩ ነው ወይስ በዋጋው የሚመለሰው በሚለው ላይ የዘመናችን ዑለማእ እንደተወያዩበት፣ አብዛኞቹ ግን የተወሰደው ቁጥር ነው የሚመለሰው እንደሚሉ ነገሩኝ። ቀደም ሲል ውል ያልተገባበትን ጭማሪ ተበዳሪው በገዛ ፈቃዱ ቢሰጥ ወለድ አይሆንም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተበደሩትን ግመል ከእሱ በተሻለ ግመል መልሰው አመላለሱን ያሳመረ ሰው ከምርጦቹ መሆኑን ተናግረዋል። «ዕዳው 4,000 ነው፤ የስድስት ዓመቱን ግን አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። ወንድሞቼንና እኅቴን ጠርቼ ነገሩን ዘረገፍኩት። እኅቴ ዝም ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። አንደኛው ወንድሜ ምን ቆፍረህ ታወጣለህ ብሎ ተቆጣ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ነገሩን ካነሣሁበት ይከፋዋል።

10,000 ብር ይዤ በአቋራጩ ሄድኩ። መንገዱ እንደማስታውሰው አልነበረም፤ አንዱ ግንብ ተነሥቶ የቆርቆሮ አጥር ገብቷል። እማማ በራፋቸው ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰላም ስላቸው ድምፄን አዳምጠው የአባቴን ስም ጠሩና «የእሱ ልጅ ነህ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ግባ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሃል።»

ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ቡና ላፍላ አሉ፣ እንቢ አልኩ፤ እንቢታዬን አልሰሙትም። ከሰሉ ሳይያያዝ በፊት ተናገርኩ። አባቴ የነገሩኝን፣ መቼ እንደነገሩኝ፣ ጀናዛው ላይ የሆነውን፣ ውርስ ስንካፈል ያልኩትን ሁሉ አልደበቅኩም። ደብተር ላይ ጽፌው ስለመጣሁ አፌ አልተሳሰረም። ገንዘቡን እፊታቸው አስቀመጥኩ። እማማ በጣታቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ፤ አራት ሺውን ለይተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። የቀረውን «ይኼስ የማን ነው?» አሉኝ።

«ከኔ ነው እማማ። ላዘገየሁብዎት።»

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። «ገንዘቡን እኮ አባትህ የሞተ ዕለት ማታ ዐፍው ብዬዋለሁ» አሉ። «የዱንያ ነገር ነው። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ሆነህ ጀምሮ በዚህ በር ሳታልፍ፣ ሰላም ሳትለኝ አትውልም ነበር። አባትህ ከሄደ ወዲህ እግርህ ጠፋ። ምን አስቀየምኩት እያልኩ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ልቅሶው ላይ የተናገርኩት ነገር ይኖር ይሆን እላለሁ። ልጄን በስልክ ጠይቄያታለሁ፣ አንቺ ታስታውሻለሽ ወይ ብዬ።»

ይህ በሐቅ ገጼ ላይ አልነበረም። እኔ የምቆጥረው ብር ነበር።

ያንን ስድስት ሺህ በስንት ልመና ተቀበሉኝ። ከሁለተኛው ቡና በኋላ «አሁን ጻፍ» አሉኝ። ምን ልጻፍ ብላቸው ተቆጡ፤ «ነገ ብሞት ልጄ ከሰው ሰምታ የአባትህን ገንዘብ አምጣ ብትልህስ? አባትህ በልቡ ይዞ አይደል ይህ ሁሉ የመጣው? ጻፍና ጎረቤት ይመስክር።» ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁለት ሉክ ቀደድኩ። ቀኑን በሒጅራም በእኛም አቆጣጠር፣ መጠኑን፣ ከማን ለማን እንደተከፈለ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አድርጌ ጻፍኩ። ከጎረቤት ሁለት ሰዎች ተጠርተው ፈረሙ። እማማ የጣት አሻራቸውን ለማኖር ቀለም ስላልነበረ የእስክሪብቶዬን ቀፎ ሰብሬ አውራ ጣታቸውን ቀባሁላቸው። አንዱን ሉክ እኔ ያዝኩ፤ ሌላውን እጥፍጥፍ አድርገው ከልጃቸው ደብዳቤዎች ጋር ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱት።

እማማ በ2013 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እስከዚያ ድረስ ሱቅ ስዘጋ በአቋራጩ ነበር የምመጣው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ደብተር ጨርሻለሁ። የመጀመሪያው መሐሉ ላይ ሁለት ሉክ ይጎድለዋል፤ የዚያን ዕለት ማታ የጻፍኩት ከተቀደደው ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ። «በአቋራጩ መጣሁ። ጭቃ ነበር።»